«መሬቱ ይመጠዋል» ለምትሉ አንባቢዎቻችን

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን አንድ ላይ ሰብስበናቸዋል። ሁለቱ ከአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ናቸው፣ ሁለቱ ከአገር ቤት። የጠያቂዎቹ ኑሮ አይገናኝም፤ ጥያቄያቸው ግን ይገናኛል። ፍሳሽ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይጠየቅበታል?

ጥያቄ፦ ከፊኒክስ፣ አሪዞና

«ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የትራክ ማቆሚያ ግቢ ተከራይተናል። የራሳችንንም የሌሎች ሾፌሮችንም ትራክ እያጠብን ገቢ ለማግኘት አስበን ነበር። ግቢው አፈር ነው፣ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ግን ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ወዲያው ይደርቃል። አከራዩ ፈቃድ ካላመጣችሁ አይሆንም አለን። ወንዝ በሌለበት በረሃ የምን የፍሳሽ ፈቃድ ነው?»

መልስ፦

አከራያችሁ ልክ ነው። ወንዝ የለም ማለታችሁ ደግሞ አይጠቅማችሁም፤ እንዲያውም ሕጉ የጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አሪዞና ከምትጠቀመው ውሃ 40 በመቶ ገደማው ከመሬት ሥር ይወጣል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የአካባቢ ጥራት ሕግም ለከርሰ ምድር ውሃ ራሱን የቻለ ፈቃድ አቋቁሟል። ግዛቱ ውስጥ ያለ የከርሰ ምድር ውሃ ሁሉ፣ በተለይ ሌላ ምድብ ካልተሰጠው በቀር፣ የመጠጥ ውሃ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። «እሱን ውሃ አሁን ማን ይጠጣዋል» የሚል ክርክር እዚያ አይሠራም።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ቱቦ ቀብሮ ወደ ታች ለሚለቅ ብቻም አይደለም። በካይ ነገር መሬት ላይ ፈስሶ፣ ሰርጎ ውሃው ጋ ሊደርስ የሚችልበት ምክንያታዊ ዕድል ካለ በቂ ነው። ይደርቃል ያላችሁት ላዩ ነው። ናፍጣው፣ ግሪሱ፣ የሳሙናው ጨው አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ነገም ታጥባላችሁ፣ ከነገ ወዲያም፣ ክረምቱ ሲመጣ ዝናቡ ይዞት ይወርዳል።

ግን አትደንግጡ። ማዕድን ማውጫ እንደሚከፍት ኩባንያ ጥናት ይዛችሁ አትቆሙም። ፈቃዱ ሁለት መንገድ አለው። ለትልልቅ ተቋማት እያንዳንዱ ለብቻው ተመርምሮ የሚሰጥ አለ። ለትንንሾቹ ደግሞ አጠቃላይ ፈቃድ የሚባል አለ፤ መስፈርቱ ደንቡ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፣ እናንተ ያንን አሟልታችሁ ትገቡበታላችሁ። የተሽከርካሪ ማጠቢያ እዚህኛው ውስጥ ነው። የሚጠየቀውም ለመረዳት አይከብድም። የምታጥቡበት ቦታ ኮንክሪት ይሁን። ስንጥቁ የተደፈነ ይሁን። ውሃው ወደ አንድ መሰብሰቢያ እንዲወርድ ተዳፋት ይኑረው። ከዚያ ከመለቀቁ በፊት ዘይትና ውሃ በሚለይ መሣሪያ ይለፍ። ይህ የሚሠራው የትራኩን ውጪ ለማጠብ ነው። የኬሚካል ቦቴ ውስጡን ማጠብ ከጀመራችሁ ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን ባትነኩት እመክራለሁ።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ግቢው ውስጥ ፈልጉ። ፊኒክስ አካባቢ ብዙ ግቢ የዝናብ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ አለው፤ ላዩ ላይ ፍርግርግ ክዳን ያለው፣ ወደ ታች ጥልቅ የሆነ። ለዝናብ ውሃ ብቻ የተሠራ ነው፣ መመዝገብም አለበት። የማጠቢያ ውሃችሁ ወደዚያ ከወረደ አፈሩ የሚያጣራውን ያህል እንኳ ሳያጣራው በአቋራጭ ወደ ታች ሰደዳችሁት ማለት ነው። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የከተማው የፍሳሽ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ እጠይቅ ነበር። ቅርብ ከሆነ መቀጠሉ ከሁሉም ይቀላል። ካልሆነ ውሃውን መልሶ የሚጠቀም ማጠቢያ ዋጋውን አስሉት።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላቫጆ ያላችሁ ወገኖች ይህን «የፈረንጅ አገር ጉዳይ» ብላችሁ አትለፉት። ናፍጣ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ከሞጆ

«በአካባቢ ምህንድስና ተመርቄ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ። የአንድ ቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ኩሬ ጥናት ተሰጥቶኛል። ባለቤቱ "ኩሬውን ፕላስቲክ እናለብሰዋለን፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋለህ" ይላል። አለቃዬ የሌላ ፕሮጀክት ሰነድ ሰጥቶኝ ስሙን ቀይረህ አስገባ ይለኛል። ጥናቱ ውስጥ በእውነት መኖር ያለበት ምንድን ነው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አለቃህ የሰጠህን ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ክተተው። የሌላ ቦታ ጥናት ስለ ሌላ መሬት ነው የሚናገረው። የፍሳሹን ዓይነት ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ መገልበጥ በተወሰነ ደረጃ ያስኬድ ይሆናል፣ ቆዳ ቆዳ ነውና፤ ከኩሬው በታች ያለውን ድንጋይ ግን ከየትም አትገለብጠውም።

ሕጉን ቶሎ ልበልና ልለፍ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሀብት ሲል የገጸ ምድሩንም የከርሰ ምድሩንም ማለቱ ነው፤ ወደ ውሃ ሀብት ፍሳሽ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ያጸዳል፣ ካልሆነም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል ይላል። ፋብሪካው የሚለቀውን መመዝገብና ሪፖርት ማድረግ እንዳለበት የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ያዛል። ግዴታው አለ። ጥናቱን እንዴት ትሠራዋለህ ለሚለው ግን የአሪዞናን አሠራር ባሳይህ ይሻላል፤ ነጥብ በነጥብ የተጻፈ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው።

እዚያ ትልቅ ተቋም ፈቃድ ሲጠይቅ አምስት ነገር ያስረዳል። ያለውን የተሻለ የመከላከያ ቴክኖሎጂ መጠቀሙን፣ በተወሰነ የመለኪያ ነጥብ ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ከደረጃው በላይ እንደማይበከል፣ ሥራውን የሚችል ባለሙያ እንዳለው፣ እስከ መዝጊያው ድረስ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው፣ ቦታውም በመሬት አጠቃቀም ፕላን የተፈቀደ መሆኑን። የባለቤቱ ፕላስቲክ የመጀመሪያዋ ነጥብ ላይ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን በግማሽ።

ስለ ፕላስቲኩ እንነጋገር። ጂኦሜምብሬኑ (ኩሬ የሚለበስበት ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) ስንት ነው ውፍረቱ? ምን ላይ ነው የሚነጠፈው? የአሪዞና የማዕድን መመሪያ ለኬሚካል ኩሬ አንዱ ባንዱ ላይ የተነጠፈ ሁለት ልባስ ይጠይቃል፤ ከፖሊኢትሊን ከሆነ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሥሩም ስለታም ጠጠር የሌለበት ተጠቅጥቆ የተስተካከለ አፈር። በሁለቱ ልባሶች መካከል ያፈተለከውን የሚሰበስብ ንጣፍና መሳቢያ ይኖራል። ዋናው ብልሃት ይሄ መሐሉ ነው። የላይኛው ሲቀደድ ውሃው መሐል ላይ ይጠራቀማል፣ በፓምፕ ይወጣል፣ በየቀኑ ስንት ሊትር እንደወጣ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲጨምር ላዩ መቀደዱን ታውቃለህ፣ መሬቱ ሳይነካ። አንድ ልባስ ብቻ ከሆነ ግን መቀደዱን የምታውቀው ከጎረቤት ጉድጓድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ ሳይሆን የተበየደበት መጋጠሚያ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ብየዳ መፈተኑን የሚያሳይ መዝገብ ጠይቅ። ኩሬው ከጠርዙ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተው፤ ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ እንዳይፈስ። ሐምሌንና ነሐሴን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ መሬቱ። መጀመሪያ ውሃው በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው? በክረምትና በበጋ ስንት ይለያያል? በመካከሉ ያለው ምንድን ነው፣ ሸክላ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ የተሰነጠቀ ባዛልት ነው? ወፍራም ሸክላ ብዙ ነገር ይይዛል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን ወንፊት እንኳ አይሆንም፣ በስንጥቁ ይዞት ይሄዳል። ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ተቀምጦ «ቦታው ላይ ስንጥቅ የለም» ብሎ በአንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ካርታ አላየም። ቁፈር፣ ናሙና አውጣ፣ የማሳለፍ አቅሙን ለካ። በአካባቢው ያለውን ጉድጓድ ሁሉ፣ በእጅ የተቆፈረውንም ጭምር፣ በእግርህ ዞረህ መዝግብ። ይህን ሥራ ቢሮ ቁጭ ብሎ በጉግል ካርታ የሚጨርስ አለ። የእጅ ጉድጓድ በጉግል አይታይም።

ቀጥሎ የመከታተያ ጉድጓድ። ባለቤቱ በጣም የሚቃወመው ይህን ይሆናል፣ ውድ ስለሆነ። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ በአንድ መስመር ያልተደረደሩ። የላዩን ተዳፋት አይቶ «ወደዚህ ነው የሚሄደው» ማለት አይቻልም፣ ከመሬት ሥር ያለው አንዳንዴ ሌላ ሐሳብ አለው። አሜሪካ ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ ለሚይዙ ተቋማት የፌዴራል ደንቡ ቢያንስ አንድ ጉድጓድ ከላይ በኩል፣ ሦስት ከታች በኩል ይል ነበር። የላይኛው ለምን? ውሃው ወደ ግቢው ሲገባ ምን ይዞ እንደገባ እንድታውቅ። በእናንተ አገር በኩል ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ በተፈጥሮው ከፍ ይላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው። የላይኛው ጉድጓድ ከሌለህ የተፈጥሮውን ፍሎራይድ ፋብሪካው ላይ ትለጥፋለህ፤ ወይም ደግሞ በተቃራኒው ፋብሪካው የራሱን ጥፋት «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ያመልጥሃል።

ናሙናው ደግሞ ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። አንዴ ብቻ አይበቃም። አሪዞና ብዙውን ጊዜ ስምንት ዙር ያህል ታስወስዳለች፣ ከዚያ ላይ ነው የማንቂያ መጠንና የማይታለፍ መጠን የሚሰላው። የማንቂያው መጠን ሲነካ ገና ጥፋት አልሆነም፤ ግን ፋብሪካው ምን ያደርጋል፣ ለማን ያሳውቃል፣ መቼ እንደገና ይለካል የሚለው አስቀድሞ ፈቃዱ ላይ መጻፍ አለበት። በዚያ ቀን መጨቃጨቅ አይቻልማ።

ምን ይለካ? ሁሉም ሰው ቆዳ ሲባል ክሮሚየም ብሎ ይሮጣል። ይለካ፣ ጥያቄ የለውም፣ ሄክሳቫለንቱም (መርዛማው ዓይነት) ለብቻው። ግን ቆዳውን ለማልፋት የሚገባው ትራይቫለንት የሚባለው ሌላው የክሮሚየም ዓይነት አፈር ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው፣ ቀርፋፋ ነው። ጥሬ ቆዳ በጨው ታሽቶ ነው የሚመጣው፤ ከጨው የሚወጣውን ክሎራይድ ደግሞ ምንም አይዘውም፣ ውሃው በሄደበት ፍጥነት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኩሬው ሲያፈስስ መጀመሪያ የምታየው ጨው ነው። ክሎራይድና ኤሌክትሪካል ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ ጨው ሲበዛ የሚጨምር) ለመለካት ርካሽ ናቸው፣ በየወሩ ለካቸው፤ ክሮሚየሙን ጠብቀህ ከምታውቅ በዓመታት ትቀድማለህ። ይህችን ብቻ ጥናቱ ውስጥ ብታስገባ ደስ ይለኛል።

«ወንዝ ውስጥ እስካልለቀቅን ድረስ» የሚልህ ካለ የማዊ ደሴትን ነገር ንገረው። ሃዋይ ውስጥ የላሃይና የፍሳሽ ማጣሪያ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ጋሎን የታከመ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይከት ነበር። ባሕር ላይ አልለቀቅንም ነው የሚሉት። ተመራማሪዎች ቀለም ጨመሩበት፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ቀለሙ ባሕሩ ዳር ብቅ አለ። ነገሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤቱ በመሬት ሥር አልፎም ቢሆን በቀጥታ እንደ መልቀቅ የሚቆጠር ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። የሞጆ ወንዝም በበጋ የሚፈስሰው ውሃ ከየት እንደሚመጣ አስብ።

የመዝጊያው ነገር ቀረ። ኩሬው ከ20 ዓመት በኋላ ሲዘጋ ዝቃጩን ማን ያነሳል፣ በማን ገንዘብ? ጥናቱ ላይ በብር አስቀምጠው። አለቃህ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። ሰነዱ ላይ የአዘጋጅ ስም ተብሎ የሚጻፈው ያንተ ነው።

ጥያቄ፦ ከሜሳ፣ አሪዞና

«ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ልገዛ ነው። ፍሳሹ መሬት ውስጥ በተቀበረ ማጠራቀሚያ (ሴፕቲክ ታንክ) ነው፣ ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድም አለ። ሻጩ ስለ ታንኩ ወረቀት የለኝም ይላል። ልተወው?»

መልስ፦

ቤቱን አትተዪው፣ ወረቀቱንም አትተዪ። እዚያ የቤት ሴፕቲክም የከርሰ ምድር ውሃ ፈቃድ ያለው ነገር ነው፣ አጠቃላይ ፈቃድ ሥር ይገባል። ቤት ሲሸጥ ሻጩ ከዝውውሩ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ በባለሙያ ማስፈተሽ አለበት፣ ሪፖርቱንም ቤቱ ከመዛወሩ በፊት ይሰጥሻል። አንቺ ደግሞ ቤቱ በተዛወረ በ15 ቀን ውስጥ የዝውውር ማስታወቂያ ታስገቢያለሽ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከዚያ ሜትሩን ያዢ። ከፍሳሹ ማስረጊያ እስከ ውሃ ጉድጓዱ 100 ጫማ መኖር አለበት፣ 30 ሜትር ገደማ። የጎረቤትሽንም ጉድጓድ ቁጠሪ። ውሃውንም ለናይትሬት አስመርምሪ፤ በናይትሮጅን ሲሰላ ከ10 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ከሆነ ዋጋው ላይ ለመነጋገር ጥሩ ምክንያት አገኘሽ።

ጥያቄ፦ ከአቃቂ

«ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ይህን የምታጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ከሰፈራችን በላይ ያለ ፋብሪካ ፍሳሹን ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ይከተዋል። የእኛ የእጅ ጉድጓድ ውሃ ጣዕሙ ተለወጠ፣ ሲፈላ ድስቱ ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። ስንጠይቃቸው ፈቃድ አለን ይሉናል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እናቴ፣ መጀመሪያ ያንን ውሃ ለመጠጥ ያቁሙት። ማፍላት ተውሳኩን ይገድላል እንጂ ኬሚካሉን አያወጣም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይወፍራል። ቤት ውስጥ ከስድስት ወር በታች ሕፃን ካለ በምንም መንገድ በዚያ ውሃ ወተት አይበጥብጡለት። ናይትሬት ካለበት የሕፃኑ ደም ኦክስጂን እንዳይሸከም ያደርገዋል።

ግን ፋብሪካው ላይ ብቻ አይፍረዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ናይትሬት ከፋብሪካም ይመጣል፣ ከመጸዳጃ ቤት ጉድጓድም ይመጣል፣ የራስዎም የጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ነጩ ነገር ደግሞ ኖራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጣዕሙ መለወጡ ግን ዝም የሚባል አይደለም። ስለዚህ ያስመርምሩ። ለልጅ ልጅዎ ይንገሯት፦ ክሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ክሮሚየም፣ ኢ ኮላይ (የዓይነ ምድር ተውሳክ)፣ ኮንዳክቲቪቲ። ዕቃውን ቤተ ሙከራው ራሱ ይስጣት፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ አይሁን። በረዶ ውስጥ አድርጋ በዚያው ቀን ታድርሰው። ከእናንተ ጉድጓድ ሌላ ከፋብሪካው በላይ ካለ ጎረቤትም አንድ ናሙና ብትጨምር ነገሩ ግማሽ ይለያል። የላይኛው ንጹሕ፣ የእናንተ የተበላሸ ከሆነ ፋብሪካው መልስ ይጠበቅበታል።

«ፈቃድ አለን» ላሉት ደግሞ፣ የንግድ ፈቃድ የፍሳሽ ፈቃድ አይደለም። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቋቸው። የትኛው ፈቃድ ነው፣ ፍሳሹ ስንት ነው፣ ምን ይዟል፣ ማን ለካው?

ከዚያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ያስገቡ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ ምን አገባህ ሳይባል፣ አቤት ማለት ይችላል። ተቆጣጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ፋብሪካው ግቢ የመግባት ሥልጣን አለው፤ ስለዚህ «አላስገቡንም» የሚል መልስ አይቀበሉ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ ከዚያ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኑ እንዳያልፍ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ታዘጋጀው፣ ከቤተ ሙከራው ውጤት ጋር። አንዱን መዝገብ ቤት ትስጥ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመትታ ትያዝ። 30 ቀኑን ከዚያ ማህተም ነው የምትቆጥሩት።